ለኤሊዋ ሙቀት ብቻ ይበቃታልን?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ከቆላ የመጣችን የየብስ ኤሊ፣ ሙቀት እስካልጎደለባት ድረስ፣ በአዲስ አበባ ግቢ ማሳደግ ተገቢ ነውን?

ደጋፊ፦ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ ኤሊ ዘመዴ ከቆላ ካመጣልኝ አራት ዓመት ሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ስለሚወርድ፣ አንድም ሌሊት ውጭ አሳድሬያት አላውቅም። ከሣንቃ በሠራሁላት ሰፊ ሣጥን በአንዱ ጫፍ አምፖል ሰቅዬ፣ ከሥሩ ወደ 35፣ በሌላው ጫፍ ወደ 25 ዲግሪ እንዲሆን አድርጌያለሁ፤ ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ ማመንጨት ስለማትችል፣ ሲበርዳት ወደ አምፖሉ፣ ሲሞቃት ወደ ጥላው ትሄዳለች። መብራት ሲጠፋ የከሰል ምድጃ ከአጠገቧ አኖራለሁ። ጠዋት ፀሐይ ላይ አንገቷን መዝዛ ጎመን ስትገምጥ ያየ ሰው ተበድላለች አይልም። ፈቃድን በተመለከተ፣ በልጅነቴ ሰፈር ኤሊ ያለባቸው ግቢዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቹን የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ እንክብካቤዎ ከልብ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ጠያቂ አለመምጣቱ ፈቃድ አይሆንም፤ በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል፣ ኤሊዋም ጎመን ከእጅዎ ስለበላች የዱር እንስሳነቷ አልቀረም። ዝርያዋ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. በተቀበለችው፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ተመዝግቧል። ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ስለምትችል ወደፊት ውጭ ላሉ ልጆች እናስተላልፋት የሚሉም አሉ፤ አሜሪካ ግን ከብት የሚገድል በሽታ ያለባቸው መዥገሮች እንዳይገቡ በመስጋት፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የዚህን ዝርያ ማስገባት ከልክላለች።

ሙቀቱም ቢሆን ጉድለት አለበት። ተራ አምፖል ያሞቃል እንጂ አካሏ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን የአልትራቫዮሌት ጨረር አይሰጥም፤ ያ ከሌለ ካልሲየም አይዋሃዳትም፣ ቅርፊቷም ይለሰልሳል። በበጋ የጠዋቷ ፀሐይ ታካክሰው ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ ለሳምንታት ሲደፈን፣ ምን ያደርጋሉ? በመስኮት መስታወት አልፎ የሚመጣ ብርሃን ይህን ጨረር አይሰጥም፣ ብርድና እርጥበት ሲገናኙም ሳንባዋ ይታመማል፤ አፍንጫዋ አረፋ ሲያወጣና አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ያዩ ዕለት በሽታው ጠንቷል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ከሰሉ ነው፤ በተዘጋ ክፍል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እርሷንም ቤተሰብዎንም ሊገድል ይችላል።

ደጋፊ፦ ስለ ከሰሉና ስለ ክረምቱ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ባለፈው ነሐሴ ለቀናት ምግብ እምቢ ብላኝ ነበር። ነገር ግን ለአራት ዓመት ያሳደግኋትን እንስሳ አሳልፎ መስጠት ከብዶኛል። እንጦጦ ወስጄ ብለቃትስ?

ተቃዋሚ፦ እባክዎ ይህን አያድርጉ! እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ከግቢዎ የባሰ ይበርዳታል፤ ወደ ቆላ መልሰው ቢለቋት እንኳ ከሰው ጋር ስትኖር የያዛትን በሽታ ለዱሮቹ ልታጋባ ትችላለች። ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ራስዎ ቀርበው ያስታውቁና ወዴት እንደምትሄድ ባለሙያ ይወስን። እስከዚያው መብራት በጠፋ ሌሊት ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፣ ቆዳዋን እንዳያቃጥል በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው፣ መሸሻ ቦታ ትተው ከጎኗ ያስቀምጡላት።