ለሚስቴ እንኳ በሰላም ልጻፍ!

ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ባለቤቴ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስልኳን እንደ ልቧ የምትነካው ማዳሟ ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትወጣ ብቻ ነው። የሪያድና የእኛ ሰዓት ደግሞ አንድ ነው፤ እሷ ፋታ በምታገኝበት ሰዓት እኔ ከመቂ ወደማስተምርበት ገጠር የሚሄደው ጋሪ ላይ ነኝ። «ማታ ጻፍላት» የምትሉ፣ ማታማ እስከ እኩለ ሌሊት ጓዳ ናት። እንግዲህ ትዳሬ ያለው ጋሪ ላይ ነው በሉት።

ባጃጅ አለ እንዳትሉኝ። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነው፤ ቀድቶ ቢመጣም ያንን አሸዋ አይደፍረውም።

ጋሪው ደግሞ ቶሎ አይነሳም። «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል ባለጋሪው። አንድ ሰው ይመጣል፣ ከኋላው ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ይከተለዋል። ፈረሱ ጎድኑ ተቆጥሮ፣ ትከሻው ተልጦ ዝንብ ወሮታል፤ እሱ ላይ ይህ ሁሉ! ኧረ ተው ሲሉት «መምህር፣ ከቸኮልክ በእግርህ» ነው መልሱ። የፈረሱን ብሶት ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ከተነሳን በኋላ እስቲ መጻፍ ሞክሩ። ጋሪ ባሌስትራ የለውም፤ ጎማ፣ ብረትና ጣውላ ነው፣ በቃ። ጉድጓዱ ቀጥታ ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው። በአማርኛ ኪቦርድ ደግሞ ፊደሉን ነክተህ ከሰባቱ አንዱን ልትመርጥ ስትል ጋሪው ይዘላል። «ናፍቀሽኛል» ብዬ እስክጨርስ መንገዱ ይጋመሳል። ባለፈው «አንቺ» ያልኩት «አንተ» ሆኖ ሄዶ «ይሄ ለማን የተጻፈ ነው?» ተብያለሁ። ጉድጓድ ነው ልበል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ተሳፋሪው ነው። ጭን ለጭን ተጣብቀን ስለምንቀመጥ ስክሪኔ የጋራ ነው። አንዲት እናት ናቸው፣ ለአቧራው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ስልኬ ላይ ተከሉት። ማንበቡስ ይሁን! «ልጄ፣ ገንዘብ ገንዘብ አትበላት፣ እዚያም ቀላል አይደለም» ብለው ገሰጹኝ። እትዬ፣ እኔ የጠየቅኳት የልጃችንን የልደት ሰርተፍኬት የት እንዳስቀመጠችው ነው! ያኛው ደግሞ «የእህቴ ልጅም እዚያው ናት፣ ትተዋወቁ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለኝ። ሪያድን መቂ አደረጋት እኮ!

ኔትወርኩ ግራሮቹ ጋ ሲደረስ ይጠፋል። መልእክቴ ሳይሄድ ተገትሮ ይቀራል፤ ሲደርሳት አብዛኛውን ጊዜ ማዳሟም ተመልሳለች።

ዛሬ መሮኝ በድምፅ ላኩላት። ስለ ልጃችን ሳል፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ መጨረሻ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የባልና የሚስት ወሬ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስወርድ መልሷ ገባ፦

«የኔ ጌታ፣ ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደገባ ሰምቻለሁ። አንተ ምን አልክ?»