ለጭብጨባችን ክብር ይገባል

ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሠራ ነው ሲባል ጥቅምና ጉዳቱን ለመመዘን ወራት የሚፈጅበት አገር ይኖር ይሆናል። በእኛ ትንንሽ ከተሞች ግማሽ ቀን ይበቃል። ያውም ከሻይ እረፍቱ ጋር።

ይህ ችሎታ በደንብ አልተወራለትም። ባነሩ «የሕዝብ ምክክር መድረክ» ይላል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ጥናቱ ቀርቦ ሲያልቅ መድረክ መሪው ሰዓታቸውን አየት ያደርጉና «ከጊዜ አንጻር ሦስት ሰው ብቻ እንቀበላለን» ይላሉ። አንደኛው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ አመስግኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው የአንደኛውን ሐሳብ ያጠናክራል። ሦስተኛው እርሻቸው ካርታው ላይ በቀይ የተከበበባቸው አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ እኔስ ወዴት ልሂድ?» ይላሉ። አዳራሹ ጭጭ።

«አባታችን ያነሱት ገንቢ ሐሳብ ነው፤ እንደ ግብዓት ወስደነዋል።»

ጭብጨባ! (ይህ ሁሉ ግብዓት የሚከማችበት መጋዘን የት እንደሆነ ግን እስካሁን አልተነገረንም።)

ደግሞስ አባታችን ምን ያሰጋቸዋል? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለላቸው። በቋሚነት ተነስተው ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢያቸው በ15 ተባዝቶ ይከፈላቸዋል። ስለ 16ኛው ዓመት መጠየቅ ጨለምተኝነት ነው።

«ሐዋሳን አላያችሁም?» የሚልም አይጠፋም። አይተናል እንጂ! ፓርኩ በ2008 ዓ.ም ሲመረቅ 60 ሺህ የሥራ ዕድል ታቅዶለት ነበር። ይቺ ቁጥር እንዴት ደስ ትላለች! የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ዓ.ም ጽፈዋል፤ ይቺኛዋ ግን ስላይዱ ላይ ቦታ አትበቃም። ከእሷ ላይ የቤት ኪራይ ተቀንሶ የሚተርፈውን ማስላት ደግሞ ልጅቷ ራሷ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ሆና የምትሠራው ሒሳብ ነው። በ2014 ዓ.ም አሜሪካ ሸቀጣችን ያለ ቀረጥ የሚገባበትን የአጎዋን በር ስትዘጋ፣ የፓርኩ ዋና ባለሀብት የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። የከተማ እንጀራ ዋሽንግተን ላይ በምትፈረም ወረቀት ሊቆረጥ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እሱ ፀረ ልማት ነው። ማይኩን ተቀበሉት።

ከሁላችን መዛኝ ደላላው ነው። ሲጨበጨብ እንኳ አያጨበጭብም። ካርታውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሹልክ ይላል። እኛ «መሠረተ ድንጋዩ መቼ ይጣል?» ስንል እሱ አስፋልት ዳር ያለውን መሬት ቀብድ አስይዞበታል።

በመጨረሻ የአቋም መግለጫ ይነበባል። አንድም ሰው ሳይቃወም ያልፋል። ከዚያ ሁላችንም ለአበል እንሰለፋለን። እዚህ ጋ ማንም አይቸኩልም። ከስሙ ትይዩ የተጻፈውን ብር ሁለቴ ሳያነብ የሚፈርም የለም።