ውዳሴ ዘአምደኛ

ሳይንቲስት መሆን አድካሚ ነገር ነው። ግሪንላንድ ድረስ ተጉዞ በረዶ መሰርሰር፣ የተሰረሰረውን ቆራርጦ በማቀዝቀዣ ማጓጓዝ፣ ውስጡ የታፈነውን የጥንት አየር መለካት፣ ውጤቱን ጽፎ ለማያውቁት ገምጋሚ መላክ፣ ገምጋሚው «ሠንጠረዥ ሦስትን እንደገና አስላው» ሲል እሺ ብሎ መቀመጥ። ይህ ሁሉ ሆኖ መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ውስጥ «ሊሆን ይችላል» የሚል ሐረግ አይጠፋም። ስለ አካባቢ ጥበቃ ከሁሉ በተቃራኒ የሚጽፉት የጋዜጣ አምደኛ ግን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። ሐሙስ ያስባሉ፣ ዓርብ ይጽፋሉ፣ እሑድ ሳይንሱ ይፈርሳል።

ይህን ሙያ አቅልሎ የሚያይ አለ። አንድ ሙሉ የምርምር ዘርፍ በ900 ቃላት መጣል የዋዛ ይመስለዋል። መስፈሪያም ወግም ያለው ጥበብ ነው፤ ክብር ለሚገባው ክብር እንስጥ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የሙያው ትልቁ ደብር እንግሊዝ አገር ሲሆን ከአለቆቹ አንዱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ ክሪስቶፈር ቡከር ነበሩ። ካምብሪጅ ገብተው የተማሩት ታሪክ ነው። በ1961 ‹ፕራይቬት አይ› የተባለውን የሽሙጥ መጽሔት ከመሠረቱት አንዱና የመጀመሪያው አርታኢው ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የለንደን ሰፈሮች እየፈረሱ የኮንክሪት ፎቅ ሲተከልባቸው፣ አርክቴክቱም ማዘጋጃ ቤቱም «ዘመናዊነት ነው» ሲል፣ እሳቸው «ኧረ ሰው አይኖርበትም» ብለው ተነሡ። ትክክል ነበሩ። በ1973 ከባልደረባቸው ጋር ተሸለሙበት።

ጀማሪ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ሙያው የሚጀመረው ከምር ትክክል በመሆን ነው። አንድ ጊዜ ይበቃል። ባለሙያ ሁሉ ተሳስቶ እሳቸው ብቻ ልክ ከሆኑ በኋላ፣ ከባለሙያ ጋር አለመስማማታቸው ራሱ ማስረጃ ይሆንላቸዋል። ትክክል ሆኖ የማያውቅ ደግሞ ከማኅበሩ ካዝና ይበደራል፦ በ1980 የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጁሊያን ሳይመን ከሥነ ሕይወት ምሁሩ ፖል ኧርሊክ ጋር በአምስት ብረታ ብረቶች ዋጋ ላይ፣ ኧርሊክ ይወደዳል ሳይመን ይረክሳል ብለው፣ ተወራርደው ነበር። በ1990 ዋጋቸው ወርዶ ተገኘና ኧርሊክ የ576 ዶላር ከ07 ሳንቲም ቼክ ላኩ። ያ ቼክ እስከ ዛሬ በየዓምዱ ይመነዘራል።

ጋሽ ቡከር ከ1990 እስከ 2019 በ‹ሰንደይ ቴሌግራፍ› ሳምንት ሳያስታጉሉ ጻፉ። የእጃቸውን ሙያ ለማየት አንዱን ርዕስ ቀረብ ብሎ መመልከት ይሻላል። በመጀመሪያ ግን ስለ እርሾው። ለአንድ ዓምድ አንዲት እውነት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ትሁን፣ ሊጡን ኩፍ የምታደርገው እሷ ናት። ያለ እርሾ የሚጽፍ ውሸታም ይባላል፤ በእርሾ የሚጽፍ «አከራካሪ» ይባልና ደመወዝ ይጨመርለታል።

በጃንዋሪ 2002 ጋሽ ቡከር ነጭ አስቤስቶስ፣ ለጣሪያና ለቧንቧ ይሠራበት የነበረው ማዕድን፣ በኬሚካል ይዘቱ ከታልከም ፓውደር፣ ማለትም ሕፃን ታጥቦ ከሚነሰነስለት ዱቄት፣ ጋር አንድ ነው ሲሉ ጻፉ። እርሾዋ ይህች ናት፦ ሁለቱም ከማግኒዚየም፣ ከሲሊከን፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ማዕድናት ናቸው። ነጩ ከሰማያዊውና ከቡናማው አስቤስቶስ ያነሰ ገዳይ መሆኑም እውነት ነው። የቀረው ሊጥ ነው። ለ3 ማግኒዚየም አስቤስቶሱ 2 ሲሊከን ሲኖረው ታልኩ 4 አለው፤ «አንድ ነው» የሚለው በመቁጠር ብቻ ይወድቃል። ደግሞስ ከቁጥሩ ይልቅ ቅርጹ ነው ነገሩ። ታልክ እየተላጠ የሚነሳ ስስ ገበታ ነው። የነጭ አስቤስቶስ ገበታ ግን ተጠቅልሎ በዓይን የማይታይ ቀጭን ጭረት ይሆናል። ጣሪያ ሲሰበር፣ ቧንቧ ሲቆረጥ፣ ግድግዳ ሲበሳ ይበናል፤ በትንፋሽ ይገባና ሳንባ ውስጥ ይሰካል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የትኛውንም የአስቤስቶስ ዓይነት ሳይለይ በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል፤ ብሪታኒያም ነጩን በ1999 አግዳለች። የአገሪቱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጽሑፉን ለማረም ለጋዜጣው ደጋግሞ ጻፈ። ጋሽ ቡከር ግን ጸኑ። ሳይንቲስት ማስረጃ ሲመጣበት ሐሳቡን ይለውጣል፣ ልፍስፍስ!

የዚህ ርዕስ ልዩ በረከት የጊዜው ርዝመት ነው። አስቤስቶስ በሳንባ ሽፋን ላይ የሚያመጣው ካንሰር ከ20 ዓመት በላይ፣ ብዙ ጊዜም 30ና 40 ዓመት አድፍጦ ነው የሚወጣው። ጽሑፉን አምኖ የጋራዡን ጣሪያ ያለ ጭንብል ያፈረሰ አናጢ ሳል ሲጀምረው አምደኛው በክብር ጡረታ ወጥተዋል።

ለሙቀት ጉዳይ ደግሞ ጥበቡ ያለው መነሻ ዓመት መምረጡ ላይ ነው። 1998 ለብዙ ዘመን የተወደደ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ብርቱ ኤል ኒኞ የፓስፊክን ሙቀት ወደ አየር ስላወጣው መስመሩን ከዚያ ጫፍ የጀመረ ሰው ቀጣዩ አሥር ዓመት ሜዳ ሆኖ ይታየዋል። «ሙቀቱ ቆሟል» በሚል ስንት እንጀራ ተበላ! ዛሬ 1998 ከአሥሩ ሞቃታማ ዓመታት ተርታ እንኳ የለም፤ ግን ምን ችግር አለ፣ በቦታው 2016 ተሾመና እስከ 2023 አገለገለ። በበረዶም እንዲሁ ነው። የአርክቲክ የባሕር በረዶ በሴፕቴምበር 2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ግድም ተመለሰ። «በረዶው በአንድ ዓመት ግማሽ ያህል ጨመረ!» ሂሳቡ ልክ ነው። በ1979 በዚያው ወር ወደ 7 ሚሊዮን እንደነበር መጻፍ ግን ቦታ ይፈጃል።

አትላንቲክን ሲሻገሩ ጆርጅ ዊል አሉ፤ በ1977 የፑሊትዘር ሽልማት የወሰዱ ባለ ብዕር። በፌብሩዋሪ 15፣ 2009 በ‹ዋሽንግተን ፖስት› የዓለም የባሕር በረዶ ከ1979 ጋር እኩል ነው ብለው ጻፉ፤ ምንጭም ጠቀሱ፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲን የአርክቲክ ምርምር ማዕከል። ማዕከሉ ራሱ ወጥቶ ተናገረ፦ በ1979 በዚያች ዕለት 16.79 ሚሊዮን፣ አሁን 15.45 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር። ልዩነቱ 1.34 ሚሊዮን ነው፤ ኢትዮጵያን ከዳር እስከ ዳር አልብሶ ይተርፋል። እርሾው የት ነበር? በ2008 የመጨረሻ ቀን የተለካው ከ1979 መጨረሻ ጋር ተቀራራቢ ነበር። የሰሜኑንና የደቡቡን ዋልታ ደምሮ ማቅረብም የራሱ ጥቅም አለው፤ በዚያ ጊዜ የአንታርክቲካው ትንሽ እየሰፋ ስለነበር የአርክቲኩን ጉድለት ይሸፍናል። ጋዜጣው ጽሑፉ በብዙ እጅ ታይቶ ያለፈ ነው ብሎ ተከራከረ። ዊልም በ12ኛው ቀን ሌላ ዓምድ ጽፈው ያንኑ አጸኑ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። የለንደንና የኒው ዮርክ አምደኛ ለአፍሪካ ድሃ የሚያለቅሱት ሁለት ጊዜ ነው፦ የድንጋይ ከሰል ሲነካና ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ሲነሳ። ወጉ እንዲህ ይነገራል፤ አሜሪካዊቷ ሬቸል ካርሰን በ1962 ስለ ፀረ ተባይ ጉዳት መጽሐፍ ጻፈች፣ ዲዲቲ ታገደ፣ ሚሊዮኖች በወባ አለቁ። አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን እርሻ ላይ እንዳይረጭ ማገዷ እውነት ነው። እገዳው ግን የአሜሪካንን የጥጥ ማሳ እንጂ የስምጥ ሸለቆን ጎጆ አልነካም፤ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚገድበው የ2001ዱ የስቶክሆልም ስምምነትም ወባ ለመከላከል የሚውለውን ፈቅዶ አልፎታል። አገራችን ውስጥ ረጪዎች ፓምፕ አንግተው ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ግድግዳ ላይ ነጭ ምልክት ትተው ሲወጡ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱም አዳሚ ቱሉ በሚገኘው ፋብሪካ ይዘጋጅ ነበር። ርጭቱ የሚበላሽበትን መንገድ ወባ ያለበት ቀበሌ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ እቃ ሳይወጣ ይረጫል፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ባለቤቲቱ ለበዓል ግድግዳውን በጭቃና በእበት ስትለስነው መድኃኒቱ ከሥር ይቀበራል። በ2009 አካባቢ ዲዲቲ ዴልታሜትሪን በተባለ ሌላ ፀረ ተባይ የተተካው ካርሰን ስላለች አይደለም። አኖፊለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ መድኃኒቱን ለምዳ ግድግዳው ላይ አርፋ በሰላም ስለምትነሳ ነው። መላመዱን የሚያፋጥነው ደግሞ መድኃኒቱን ማሳ ላይ እንደ ልብ መርጨት ነው፤ ማለትም እገዳው የከለከለው ነገር! ስሪላንካም በየዓምዱ ትጠራለች፤ የወባ በሽተኛዋ በ1963 ወደ 17 ሰው ወርዶ ኋላ አገርሽቶ ነበርና። ርጭቱን የቀነሰችው ወባን አሸነፍኩ ብላ እንጂ ተከልክላ አለመሆኑ ግን አይነሳም።

ሳይንቲስት ነዎት ወይ ተብለው ቢጠየቁስ? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች። የዚህን ነገር ጥቅም የአካባቢ ጥፋት ሥጋት ተጋኗል የሚል መጽሐፍ እንደ ጻፉት እንደ ዴንማርካዊው ቢዮርን ሎምቦርግ ያየው የለም። በጃንዋሪ 2003 የአገራቸው የሳይንስ ሐቀኝነት ኮሚቴ መጽሐፋቸው የሳይንስ ሐቀኝነትን መስፈርት አያሟላም አለ፤ ጥፋተኛ ናቸው ለማለት ግን አልቻለም፣ በዘርፉ ዕውቀት የላቸውምና። አለማወቅ እንዲህ ጠበቃ ሆኖ ሲቆም የት ታይቷል? በዲሴምበር ደግሞ ሚኒስቴሩ ኮሚቴው ስህተቶቹን በሰነድ አላሳየም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ይኸው፣ ተከሰሱም ነፃ ወጡም፤ ጋሊሊዮም ከዚህ በላይ ምን አገኘ? (እሱ እንኳ ቴሌስኮፕ ነበረው።)

እርማትን አትፍሩ። በዲሴምበር 2009 ጋሽ ቡከርና ባልደረባቸው የመንግሥታቱን የአየር ንብረት ጉባኤ ሊቀመንበር ራጀንድራ ፓቻውሪን በሥልጣናቸው ሀብት ያካበቱ አስመስለው ጻፉ። ሒሳቡ በኦዲተር ታየ፤ እንደተባለው አልሆነም። ጋዜጣው በኦገስት 2010 ይቅርታ ጠየቀ። በመካከል ስምንት ወር አለ፤ ስምንት ወር ማለት ከሠላሳ በላይ እሑድ ነው።

ሲያረጁ አቋም ይቀያየራል፣ ግን በደረጃ እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ «ምድር አልሞቀችም»፤ ቀጥሎ «ሞቃለች፣ ግን ሰው አይደለም ያሞቃት»፤ ከዚያ «ሰው ነው፣ ግን ሙቀቱ ለሰብል ይጠቅማል»፤ በመጨረሻ «አሁንማ ረፍዷል፣ ምን ያደርጋል ገንዘብ ማባከን»። 2024 ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ ሙቀት በ1.5 ዲግሪ የበለጠ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ስለተመዘገበ፣ በታችኞቹ ደረጃዎች ሥራ ቀንሷል። በአራተኛው ግን ክፍት ቦታ አለ። የትምህርት ደረጃ፦ ከአየር ንብረት ሳይንስ ውጪ በማንኛውም ዘርፍ። የሥራ ልምድ፦ አንድ ጊዜ ትክክል የነበረ፣ ባይኖር በውሰት። የሥራ ቦታ፦ እቤት። ደመወዝ፦ በስምምነት። ተያዥ አያስፈልግም።