ዋስህ ማን ነው?

«ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ደመወዝተኛ ዋስ።» ሴትዮዋ ቀና እንኳ አላለችም። መጽሐፍ የምዋስበት ካርድ ልጠይቅ ሄጄ ነው እንጂ ሰው ልፈታ አልሄድኩም።

«እህቴ፣ ዋስ ደግሞ ለምን?»

«መጽሐፍ ይጠፋላ!»

የቱ ቤተ መጻሕፍት እንደሆነ አልናገርም። ካርዱ ገና እጄ አልገባም።

ባለፈው ወር ለተዝካር ከእድራችን ድንኳን፣ ሃምሳ ወንበርና ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ተዋስኩ። ጸሐፊው ስሜን ደብተር ላይ ጫረ፣ አለቀ። አንዱ ድስት ብቻውን የአንድ መደርደሪያ መጽሐፍ ይገዛል። ማንም ጆሮህ በፎቶ ይታየን አላለኝም።

ፎቶ ቤቱማ አለ። «አገጭህን ዝቅ፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ!» ማን ሳቀ? ፎቶው ሲወጣ ግን ዋስ መጠየቃቸው ትንሽ ገባኝ። እኔም ብሆን ለዚያ ሰውዬ መጽሐፍ አላውስም።

የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ ጎጃም ላይ መሆኑ ነው። እነ ዋሸራ፣ ዲማ፣ ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር! የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። የሚጠረጥረው የመንደር ውሻ ብቻ ነው። መምህሩ «ዋስህ ማን ነው?» አይሉትም። ለምኖ ይበላል፣ ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል። ባለ ሁለት ስንኝ ከሆነችው ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ጭንቅላቱ ነው፤ ካርድ የለው፣ ቅጣት የለው። ደግሞ ቃሉን ልብ በሉ፦ ቅኔ ይዘረፋል ነው የሚባለው። ዘራፊው ያለ ዋስ ሲገባ እኔ ተዋሹ ዋስ ጥራ ተባልኩ!

ካርዱ እስኪደርስ እዚያው ላንብብ ብዬ አዳራሹ ገባሁ። መቀመጫ የለም። ሰው ሞልቶ እንዳይመስላችሁ፤ ደብተር ነው የተቀመጠው። አንድ ነጠላ ብቻውን አራት ወንበር ይጠብቃል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ዝንጀሮዋን ከልቤ አዘንኩላት። የተቀመጡትም የራሳቸውን ሀንድአውት ነው የሚያነቡት። የቤቱን መጽሐፍ የነካ አንድ ሰው አላየሁም።

አንዱ ወፍራም መጽሐፍ እንዲያውም ሥራ ይዟል፤ ነፋስ እንዳይመታው መስኮቱን ደግፎ ቆሟል። አንስቼ ጀርባውን ገለጥኩ። የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ላይ የመጨረሻው ማኅተም ጥር 1998 ይላል። አቧራው ጣቴ ላይ ቀረ። ይጠፋል ተብሎ ዋስ የሚጠራለት እንግዲህ ይሄ ነው። መስኮቱ ጓ ሲል ሁሉም ዞሮ ገላመጠኝ፤ ቶሎ መለስኩት።

ወደ ዋሱ ልመለስ። ዘመዶቼ ወይ ገበሬ ናቸው ወይ ነጋዴ። ደመወዝ የሚበላ የማውቀው አብሮ አደጌን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በ2009 መዝገበ ቃላቴን «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ የወሰደ ሰው ነው። በየፋሲካው ቤቱ ስሄድ መዝገበ ቃላቴን አየዋለሁ፤ ከሥር ሆኖ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ይዞታል። ጠይቄው አላውቅም። ዶሮ እየበሉ እንዴት ተብሎ?

ሄድኩ። ቅጹን አነበበ። «የተረከበውን መጽሐፍ ባይመልስ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቀ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ እኮ የሰው ንብረት አታስቀርም» ብሎ ፈረመልኝ።

ዓይኔ ከቴሌቪዥኑ ሥር ነበር። አፌን ልከፍት ስል ቀደመኝ፦ «ማኅተሙ መሥሪያ ቤት ነው። ነገ አስመትቼ አመጣልሃለሁ።»

ቅጹን ከያዘ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።