በተሻረ ሰው ላይ አትጨፍሩ

በካውንስል አዳራሽ ቆማችሁ፣ ለንግሥቲቱ ወይም ለንጉሡ ታማኝ እሆናለሁ ብላችሁ ምላችሁ የብሪታንያን ዜግነት የተቀበላችሁ ወገኖቼ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው። እንግሊዙ የራሱን ጉድ በራሱ ቋንቋ ይነጋገርበት። እኔ የምናገረው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ ደጅ፣ ማታ ማታ ደግሞ በዋትስአፕና በቴሌግራም የዚህን አገር ፖለቲካ ለምታወሩት ለእናንተ ነው። ከአገር ቤቱ ታሪክ በቀር ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ጁላይ 4 ቀን 2024 ሌሊቱን ያደረግነውን ታስታውሳላችሁ። በፓርላማ ምርጫው ገዢው ወግ አጥባቂ ፓርቲ 121 መቀመጫ ብቻ ይዞ ሲወርድ፣ ሚኒስትሮቹ አንድ በአንድ ሲሸነፉ፣ ስልኩ ሁሉ በፌዝ ተጥለቀለቀ። ለ49 ቀናት ብቻ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሊዝ ትረስ በሳውዝ ዌስት ኖርፎክ በ630 ድምፅ ተበልጠው መድረክ ላይ ሲቆሙ ፊታቸውን እያጎላችሁ፣ በዘፈን እያጀባችሁ ተቀባበላችሁት። በፖርትስመዝ ኖርዝ በ780 ድምፅ የተሸነፉትን ፔኒ ሞርዳንትን፣ ጄከብ ሪስ-ሞግን፣ ግራንት ሻፕስንም እንዲሁ። አባቶቻችን «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ያሉት እኮ ምሣር አንሱ ለማለት አልነበረም።

የትረስን መንግሥት የምከላከል እንዳይመስላችሁ። በሴፕቴምበር 2022 ያወጡት ዕቅድ የቤት ብድር ወለድን ሰቅሎ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስጨነቀ አውቃለሁ። መራጩ መዘነ፣ ፈረደ፣ አወረዳቸው፤ ፍርዱም በዚያው ተፈጸመ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከፍርዱ በኋላ ያለው ጭፈራ ነው፤ ይልቁንም ድምፅ ያልሰጠ ሰው ጭፈራ። በዚያ ምርጫ ከተመዘገበው መራጭ ከአሥሩ አራቱ ያህል ድምፅ አልሰጠም። ከመካከላችን ማን ማን እንደ ነበረበት እናንተው ታውቃላችሁ። «የነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን» ያለው ማን እንደ ነበር፣ የምርጫ ካርዱን በደጁ ከገባው ማስታወቂያ ጋር ጠቅልሎ የጣለው ማን እንደ ነበር ታውቃላችሁ። በሸንጎው ያልተገኘ ሰው በፍርዱ ሊጨፍር አይገባውም።

እኛ ሹም ሽር ምን እንደሚያስከትል የምናውቅ ሕዝብ ነን። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ዛሬም ድረስ «ስድሳዎቹ» የምንላቸውን ሰዎች ያለ ፍርድ ገደለ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ከዚያ ወዲህም በአገራችን ከሥልጣን የወረደ ሰው ዕጣው ብዙ ጊዜ እስር፣ ስደት ወይም መቃብር ሆኖ ኖረ። ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው መልቀቂያ ሲያስገቡ አገር ጉድ ያለው ለምን ነበር? እንዲህ ያለውን አይተን ስለማናውቅ ነው።

እዚህ አገር የምርጫ ኃላፊው ቁጥሩን ያነባል፤ ተሸናፊውም ከአሸናፊው ጎን እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ይሰማል። ብዙውን ጊዜ እጁን ይጨብጣል፣ ሠራተኞቹን ያመሰግናል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደጁ ላይ ወታደር ቆሞ አይጠብቀውም። ልጆቹ በማግስቱ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ስንቶቻችን ነን አገር ጥለን የወጣነው ይህ ስላልነበረን! ታዲያ ያጣነውን በሰው አገር አግኝተን መልሰን ብንሳለቅበት፣ ስደቱ ምን አስተማረን?

ወደ ብሬግዚት፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ወደ ወጣችበት ጉዳይ፣ ልምጣ፤ ዛሬ የምናየው ምሬት ከዚያ ነው የተቀዳው። ጁን 23 ቀን 2016 በተደረገው ሪፈረንደም (ሕዝበ ውሳኔ) 17.4 ሚሊዮን ሰው እንውጣ አለ፣ 16.1 ሚሊዮን ሰው እንቆይ አለ፤ 51.9 በመቶ ለ48.1 በመቶ። አገር ለሁለት መከፈሉ አንድ ነገር ነው፤ ደም መፍሰሱ ግን ሌላ ነው። ሪፈረንደሙ ሳምንት ሲቀረው፣ ጁን 16 ቀን፣ የሁለት ትንንሽ ልጆች እናት የነበሩት የፓርላማ አባል ጆ ኮክስ መራጮቻቸውን ሊያነጋግሩ ወደ በርስታል ሲሄዱ በጥይትና በጩቤ ተገደሉ። ጆ ኮክስ ፓርላማ ከመግባታቸው በፊት በኦክስፋም ያገለገሉ፣ ለሶርያ ስደተኛ ሕፃናት የተከራከሩ ሴት ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2021፣ ዴቪድ አመስ በሊ-ኦን-ሲ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ባለጉዳይ ሲያነጋግሩ በጩቤ ተወግተው ሞቱ። እርሷ እንቆይ ባይ ነበሩ፣ እርሳቸው እንውጣ ባይ። ገዳዮቻቸው በአስተሳሰብ አይገናኙም። ሁለቱም ግን የተገደሉት በራቸውን ለመራጭ ክፍት አድርገው ሲሠሩ ነው። በዚህ አገር «እከሌን መግደል ነበር» ብሎ በኮመንት መጻፍ እንደ ቀልድ የሚታይበት ዘመን አልፏል። በአማርኛ ስለጻፋችሁት ማንም የማያነበው መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ልጆቻችሁ ያነቡታል።

ደግሞም እነማን እንደ ወደቁ ልብ በሉ። በሪፈረንደሙ ዘመቻ በቀዩ አውቶቡስ ላይ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ ኅብረት እንከፍላለን ተብሎ ተጻፈ። የአገሪቱ የስታትስቲክስ ባለሥልጣን አኃዙ አሳሳች ነው ብሎ አስታወቀ። የዘመቻው ፊት መሪ የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን ሦስት ዓመት ቆይተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይ ያመጡት የመውጫ ስምምነት በጃንዋሪ 2019 በፓርላማ በ432 ለ202 ተጣለ፤ በሜይ ወር እንባ እየተናነቃቸው እለቃለሁ አሉ። እኛም እንባቸውን መሳቂያ አደረግነው።

በሴፕቴምበር 3 ቀን 2019 ሃያ አንድ የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባላት ካለስምምነት መውጣትን ለማገድ ድምፅ ሰጥተው ከፓርላማው ቡድን ተባረሩ። ከ1970 ጀምሮ በምክር ቤቱ የነበሩት ኬን ክላርክ አንዱ ናቸው፤ የቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስም እንዲሁ። ዶሚኒክ ግሪቭ ደግሞ አሉ፤ የመንግሥት ዋና የሕግ አማካሪ የነበሩ፣ በ2017 መጨረሻ የመውጫው ስምምነት ያለ ፓርላማ ይሁንታ እንዳይጸድቅ ያስወሰኑ ሰው። ይህን ያደረጉት በገዛ ፓርቲያቸው መንግሥት ላይ ነው። ዋጋውን ከፈሉ፤ በዲሴምበር 12 ቀን 2019 ከ1997 ጀምሮ ባገለገሉበት በቢከንስፊልድ በግል ተወዳድረው ተሸነፉ። የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ዴቪድ ጎክም በሳውዝ ዌስት ሃርትፎርድሺር ዕጣቸው ይኸው ሆነ። የሊበራል ዴሞክራቶቹ መሪ ጆ ስዊንሰን በ149 ድምፅ ወደቁ። የቀድሞው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ዴኒስ ስኪነር ራሳቸው ከኅብረቱ መውጣትን የሚደግፉ ነበሩ፤ ግን ማዕበሉ እርሳቸውንም አልማረም፤ ከ1970 ጀምሮ የያዙትን ቦልሶቨርን አጡ።

ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። አገናኝቶታል፤ አስከፊ በሆነ መንገድ። ብሪታንያ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሥር ሳለች በደብሊን ስምምነት መሠረት በፈረንሳይ ወደብ በካሌ የቀረ ብቻውን የተሰደደ ልጅ እዚህ አጎት ወይም ወንድም ካለው በሕጋዊ መንገድ ጠይቆ ሊቀላቀለው ይችል ነበር። ከመካከላችን ስንቱ በዚያ በር የመጣ ልጅ ያሳደገ አለ! ያ በር ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ተዘጋ። ከመዘጋቱ አስቀድሞ፣ በጃንዋሪ 2020፣ መንግሥት ይህን መብት ለማስቀጠል እንዲደራደር ያስገድድ የነበረው ድንጋጌ ከሕጉ እንዲወጣ ምክር ቤቱ ወሰነ። ሎርዶች፣ የላይኛው ምክር ቤት አባላት፣ ቢመልሱት የሕዝብ ተወካዮቹ ምክር ቤት ደግሞ ጣለው። ያን ቀን ግሪቭ በምክር ቤቱ አልነበሩም፤ ጎክም አልነበሩም። ሄይዲ አለንም አልነበሩም። እኒህ ሴት ወግ አጥባቂ ሳሉ በ2017 ብቻቸውን የተሰደዱ ሕፃናት እንዲገቡ ከፓርቲያቸው ፊት ቆመው የተከራከሩ ናቸው፤ በ2019 ግን ስድቡና ማስፈራሪያው በዝቶብኛል ብለው ምርጫውን ተዉት። ለእኛ ልጆች የጮኹ ሰዎች ሲወድቁና ሲሸሹ ስማቸውን እንኳ አላወቅንም ነበር። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትተን «ፖለቲከኛ ሁሉ ሌባ ነው» ብለን አለፍን።

ሌላው የማያልፍልኝ የሆም ኦፊስ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ፣ ጉዳይ ነው። ሚስቱን ከአዲስ አበባ ሊያመጣ ያመለከተ፣ የጥገኝነት ውሳኔው ዓመት አልፎት ዝም የተባለ፣ የጉዞ ሰነዱ የዘገየበት ወገን ሁሉ ጠበቃ መክፈል ሲያቅተው የሚሄደው ወደ አካባቢው ኤምፒ (የፓርላማ እንደራሴ) ቢሮ ነው። እዚያ አንዲት የጉዳይ ሠራተኛ ቁጭ ብላ ትሰማዋለች፣ ለሆም ኦፊስ ትጽፍለታለች፣ መልስ ሲቀር ደግማ ትጽፋለች። ይህች ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ወጣት ናት፣ ደመወዟም ብዙ አይደለም። እንደራሴው ሲሸነፍ እርሷም ሥራዋን ታጣለች። ቢሮው ይዘጋል፣ ስልኩ ይቋረጣል። ፋይላችሁም በራሱ ጊዜ ወደ አዲሱ እንደራሴ አይሻገርም፤ የግል መረጃ ስለሆነ የእናንተ ፈቃድ ያስፈልጋል። በስልካችሁ ፌዝ የተቀባበላችሁበት ሌሊት የስንት ወገናችሁ ጉዳይ ከዜሮ እንደ ተጀመረ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለዋን አባባል በእነዚህ ሰዎች ላይ መለጠፍም ተዉ። እንዲህ ያሉ የሉም አልልም። ዴቪድ ካሜሮን ሪፈረንደሙን ጠርተው ሲሸነፉ ሥራውን ጥለው ወጡ፤ በኋላም ግሪንሲል ካፒታል ለተባለ የገንዘብ ኩባንያ ብለው ለሚኒስትሮች መልእክት ሲልኩ ተገኙ፣ የፓርላማ ኮሚቴም ነቀፋቸው፣ ነቀፋውም ይገባቸዋል። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኒክ ክሌግ በ2017 የምርጫ ክልላቸውን ሼፊልድ ሃላምን አጥተው በዓመቱ ፌስቡክ ገቡ። እነዚህ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስሙን የማታውቁት እንደራሴ ግን በአገልግሎቱ ልክ የተሰላ የስንብት ክፍያ ተቀብሎ፣ የቢሮውን ዕቃ ሸክፎ፣ ሠራተኞቹን አሰናብቶ፣ በሃምሳ ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ቀጣሪውም በስሙ ላይ ያለውን የፓርቲ ቀለም አይቶ ያመነታል። ከእኛ መካከል በአገሩ ዳኛ ወይም መምህር የነበረ፣ እዚህ መጥቶ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ የሆነ ስንት አለ? ከክብር ወርዶ እንደገና ከታች መጀመር ምን እንደሆነ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ርኅራኄውን ከእናንተ ነበር የምጠብቀው።

ልጆቻችን ይህን ሁሉ ያያሉ። እዚህ የተወለዱት አንዳንዶቹ አንድ ቀን ለካውንስል፣ ከዚያም ለፓርላማ እንዲወዳደሩ ትመኛላችሁ፤ በየመድረኩም ትናገሩታላችሁ። ማታ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ የተሸነፈን ሰው ስታዋርዱ ያደገ ልጅ ግን ስሙን በምርጫ ወረቀት ላይ ለማኖር አይደፍርም። መሸነፍ ውርደት ነው ብላችሁ አስተምራችሁታልና።

ስለዚህ ተቆጡ፤ ቁጣችሁ ግን በሰዓቱ ይሁን፣ ሰውዬው መንበሩ ላይ ሳለ። ብሬግዚት ያላመጣውን ተስፋ፣ የዋጋ ንረቱን፣ የቤተሰብ ቪዛ የገቢ መስፈርት ከፍ ማለቱን ሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ጠይቁት። እንደራሴያችሁ ባለጉዳይ የሚቀበልበትን ቀን ከቢሮው አጣሩ፤ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ቀጠሮ ያዙ። ዜግነቱን ይዛችሁ በመራጭነት ያልተመዘገባችሁ በኢንተርኔት ተመዝገቡ፤ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። በድምፅ መስጫው ጣቢያ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይበቃል፣ የሌለው ካውንስሉን ጠይቆ በነፃ ያወጣል። ይህን ለእናቶቻችን ማስረዳትና አጅቦ መውሰድ የወጣቶቹ ሥራ ነው። በአካባቢያችሁ የተሸነፈው ሰው አንድ ቀን ለእናንተ ወይም ለጎረቤታችሁ ደብዳቤ ጽፎ ከነበረ፣ ፓርቲው የማንም ይሁን የማን፣ ዛሬ አመሰግናለሁ ብላችሁ ጻፉለት። ያለቀላችሁን ጉዳይ ስም ጠቅሳችሁ ጻፉለት፤ ለዚያች የጉዳይ ሠራተኛም አንብብላት በሉት።