የክፍት መደብ ዕዳ በክፍለ ጊዜ ይከፈላል

ባለፈው መስከረም፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል፣ በማስተምርበት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል መስኮት ፊት ከሃያ የማያንሱ ወላጆች ተሰልፈው ነበር። አብዛኞቹ ከመሀል ከተማ ተነሥተው በቅርቡ ወደ አካባቢያችን የመጡ ናቸው። የልጆቻቸውን መልቀቂያ፣ የ8ኛ ክፍል ካርድና የልደት ሰርተፍኬት በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ግን የሪከርድ ሠራተኛ አልነበረም። በመደቡ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ከለቀቀች ወራት ቢያልፉም ምትክ ስላልተቀጠረ፣ ሥራው ለአንድ የፊዚክስ መምህር ተደርቦ ተሰጥቶት ነበር። ደወሉ ሲደወል ባልደረባዬ ሰልፉን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያም የ11ኛ ክፍል አለቃውን ጠርቶ «ማስታወሻችሁን እያነበባችሁ ጠብቁኝ» አለው። ክፍለ ጊዜው እንዲሁ አለፈ፤ በየትኛውም ሪፖርት ላይም አልሰፈረም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ያልተመዘገበ ክፍለ ጊዜ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በተገለጸ ቁጥር መምህሩ፣ ተማሪው፣ ወላጁና ሥርዓተ ትምህርቱ ይወቀሳሉ፤ ወቀሳው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ነገር ግን መምህሩ ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር ከክፍል ውጭ ያለውን ሥራ ማን እንደሚሠራለት፣ የሚሠራለት ሰው ከሌለም ሥራው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። የትምህርት ቤት ክፍት መደብ ሥራውን ይዞ አይጠፋም፤ ሥራው መምህሩ ላይ ይወድቃል፣ የሚከፈለውም ከተማሪው ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ ነው።

በከተማችን ዳርቻዎች የሪከርድ ክፍል ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ ሥራ ይበዛበታል። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶቻቸው ነዋሪ እየተቀበሉ በመጡባቸው ዓመታት ትምህርት ቤቶቻቸውም በየሴሚስተሩ አዲስ ተማሪ ሲቀበሉ ኖረዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች የመሀል ከተማ ሰፈሮች የተነሡ ቤተሰቦች ተጨምረዋል። ይህ ሁሉ ሰው ልጁን ይዞ መጀመሪያ የሚደርሰው ሪከርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው። የዓመቱ አጋማሽ ላይ የመጣ ተማሪ የቀድሞው ትምህርት ቤት ማርክ እስኪላክለት ድረስ በሮስተሩ (በተማሪዎች የውጤት መዝገቡ) ላይ ስሙ እንጂ ውጤቱ አይኖርም፤ መልቀቂያው ላይ ማኅተም የጎደለው ተማሪም ሁለት ታክሲ ቀያይሮ ወደ መጣበት ሰፈር ይመለሳል።

የለቀቀችውን ሠራተኛ አሠራር አስታውሳለሁ። ወላጅ ሰነዱን ሲያቀርብላት የተማሪውን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንድ በአንድ ታነብባለች፤ ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር ታደርግና ካርዱን ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች። ኃይለ ማርያም ተነጥሎ ይጻፍ ወይስ ተያይዞ፣ በእንግሊዝኛው ፊደል ደግሞ በየትኞቹ ሆሄያት ይጻፍ፣ ሳትጠይቅ አታልፍም ነበር። በመጨረሻ ልጁ ራሱ አይቶ እንዲፈርም ታደርጋለች። ሰልፍ የቆመ ሰው «የኔ እህት፣ ቶሎ በይልን እንጂ» ሲላት «ዛሬ ብትቆጡኝ ይሻላል» ትል ነበር። እውነቷን ነው። በ9ኛ ክፍል የተሳሳተ አንድ ፊደል የሚገኘው ልጁ ለብሔራዊ ፈተና ሲመዘገብ ወይም ሰርተፍኬቱን ይዞ ሥራ ሲፈልግ ነው፤ ያኔ ማረሚያው ደብዳቤ፣ ማስረጃና ብዙ ምልልስ ይጠይቃል። እሷ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ሥራውን በተደራቢነት የያዘው የፊዚክስ መምህር ግን ቅን ሰው ቢሆንም ማንም አላሠለጠነውም።

የቤተ ሙከራውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪው በተግባር እንዲማር አጥብቆ ይፈልጋል። እኔ የማውቀው ቤተ ሙከራ ግን ቁልፉ በምክትል ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ዕቃው ፈጽሞ ስለሌለ አይደለም፤ ቢከሮች፣ የሙከራ ቱቦዎችና ሁለት ደኅና ማይክሮስኮፖች አሉ። ከክፍለ ጊዜው በፊት ዕቃውን የሚያሰናዳ፣ በኋላ የሚያጥብና የሚቆጥር፣ ጊዜው ያለፈበትን ኬሚካል የሚለይ ቴክኒሻን ግን የለም። ከስድሳ በላይ ተማሪ የያዘ ክፍል የሚያስተምር የኬሚስትሪ መምህር በሁለት ደወሎች መካከል ይህን ሁሉ ሊያደርስ አይችልም። ስለዚህ ሙከራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስለዋል። ልጆቹም ቢከሩን የሚያውቁት በሥዕል ነው።

ንብረት ክፍሉን በአጭሩ ላንሣው። በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) የገባው መጽሐፍ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጥቶ ለተማሪ ካልታደለና ሰኔ ላይ በክሊራንስ (ንብረት መመለሱ በሚረጋገጥበት ቅጽ) ካልተሰበሰበ፣ በቀጣዩ ዓመት አንድ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው የንብረት ክፍል ሠራተኛው ትጋት ነው።

ስለ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ዳር ያለ ትምህርት ቤት ተማሪው ከሩቅ ይመጣል፤ ጠዋት ታክሲ ይጠፋል፣ በክረምት መውጫ መንገዱ ጭቃ ነው። በራችን ላይ የሚቆሙት አዛውንት «ጋሼ፣ ታክሲ ጠፍቶ ነው» የሚሏቸውን ልጆች ሁሉ በመልክ ይለያሉ፤ እውነት ታክሲ ያጣው የቱ እንደሆነ፣ ሰኞ ሰኞ የሚያረፍደውስ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተከታታይ ቀናት ስትቀር ለዩኒት ሊደሩ (ተማሪዎችን ለሚከታተለው መምህር) ቀድመው የነገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ልጅቷ እናቷ ታምማባት ቤት ውላ ነበር፣ ተመልሳም ተምራለች። የጽዳት ሠራተኞቻችን ደግሞ የሴት ተማሪዎችን መጸዳጃ ውኃ በሚቋረጥባቸው ቀናት በጄሪካን ውኃ እየተሸከሙ ያጸዱታል። መጸዳጃው በተዘጋባቸው ቀናት ከሰዓት በኋላ የሴቶቹ ወንበር ይሳሳል፤ ይህንን ከመማሪያ ክፍሌ ቆሜ ዐይቼዋለሁ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በተለምዶ ሰማያዊው መጽሐፍ የሚባለው የ1994 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ የትምህርት አመራርን፣ አደረጃጀትን፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎንና ፋይናንስን አንድ ላይ ይዞ ነበር። ከዚያም በኋላ የመጣው የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር አራት ዐበይት ጉዳዮችን ይዟል፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ ሁኔታና አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ። ከአራቱ በዋናነት በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚፈጸመው አንዱ ብቻ ነው። እቅዳችን ይህን እያወቀ ተጠያቂነታችንና በጀታችን ግን በዚያው በአንዱ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«መምህር በጎደለበት አገር የቢሮ ሠራተኛ ይቅደም ትላለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሠራተኛ በዝቶባቸው ሥራ የማይታይባቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ባለጉዳይ የሚያንገላታ የሪከርድ ሠራተኛም ገጥሞኛል። ሆኖም መምህር ስለጎደለ ያለውን መምህር ከክፍል አውጥተን መስኮት ላይ ማስቀመጥ ጉድለቱን ያባብሰዋል እንጂ አይሞላውም። የፊዚክስ መምህር በዲግሪ ተምሮ የመጣው መልቀቂያ ለመመዝገብ አይደለም፤ የሪከርድ ሠራተኛዋም የለቀቀችው ሥራውን ጠልታ ሳይሆን ደመወዟ ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት አላልፍ ብሏት ነው።

ስለዚህ ወረዳና ክፍለ ከተማ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የመምህራንን ጉድለት በሚያጣሩበት ቅጽ ላይ የአስተዳደር ሠራተኞችን ክፍት መደብ፣ ሥራውን ማን በተደራቢነት እንደያዘና በዚህ ሳቢያ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደባከነ አብረው እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። ሱፐርቫይዘሮችም ትምህርት ቤት ሲመጡ ከመማሪያ ክፍል ምልከታው በፊት ሪከርድ ክፍሉን፣ ንብረት ክፍሉንና ቤተ ሙከራውን ይክፈቱ። ነዋሪ በብዛት የሚገባባቸው የዳርቻ ትምህርት ቤቶች የሪከርድ ሠራተኛ ቁጥር በሚቀበሉት የዝውውር ተማሪ መጠን ይወሰን፤ ቅጥሩም የነሐሴ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይጠናቀቅ። በትምህርት ቤታችን እስካሁን ማስታወቂያ አልወጣም፤ የፊዚክስ መምህሩ በዚህ ሳምንትም ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ መስኮቱ ጋ ነው።