ለሁሉም በሽታ ፎርማት?

እህቴ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አላት። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይሰለፋል። ኮምፒውተሯ ግን አንድ ባለ 80 ገጽ ጽሑፍ እስኪከፍት ቡና ተቆልቶ አቦሉ ይቀዳል። በየሦስት ወሩ ባለሙያ ትጠራለች፤ እሱም የሚላት አንድ ነገር ነው፦ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ።» ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው። ይደረጋል። ሁለት ሳምንት ቀለል ይልና ተመልሶ እዚያው።

ባለፈው ክረምት ሄጄ ሽፋኑን ከፈትኩት። በተለምዶ «ሲፒዩ» የምንለው ሳጥን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፤ በ2003 ዓ.ም ገደማ ገበያ ላይ የዋለ፣ አጥንቱ ጠንካራ ማሽን። የራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ፈጣን ማስታወሻ፣ መሰኪያው አራት ነው። የተሰካችው ግን አንዲት ባለ 2 ጊጋ ብቻ! ሦስቱን ቦታ አቧራ ይዞታል። ይህ ማሽን እስከ 16 ጊጋ ይቀበላል። ለፎርማት የወጣው ብር ተደምሮ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ቦታ በሞላ ነበር።

ፎርማት ለጥቂት ቀን የሚያሽለው በከንቱ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ሁሉ ይጠርጋል፤ ራሙ ትንሽ ይተነፍሳል። ክሮሙ፣ ጸረ ቫይረሱ፣ የፕሪንተሩ ፕሮግራም ተመልሰው ሲጫኑ 2 ጊጋዋ ትሞላለች። ስትሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስኩ ላይ መጻፍና ከዚያው እየፈለገ ማንበብ ይጀምራል። ራም በናኖሰከንድ የሚመልሰውን ጥያቄ የሚሽከረከር ዲስክ በሚሊሰከንድ ነው የሚመልሰው። የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ስትርገበገብ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሲንኮሻኮሽ ከሰማችሁ፣ ቫይረስ ከመጠርጠራችሁ በፊት ራሙን እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ «Performance» ከዚያም «Memory» የሚለውን መክፈት ይበቃል፤ ዊንዶውስ 10 ስንት ጊጋ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተያዘ፣ ከስንት መሰኪያ ስንቱ እንደተሰካበት ጭምር ያሳያል።

መግዛቱ ላይ እኔም ተሞኝቻለሁ። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 የሚባሉት የራም ትውልዶች ሁለቱም 240 እግር (ፒን) አላቸው፣ ርዝመታቸውም እኩል ነው። የሚለያዩት መሐል ላይ ባለችው ቁርጥ ቦታና በሚፈልጉት ቮልቴጅ ነው፤ የመጀመሪያው 1.8፣ ሁለተኛው 1.5። ካልገባ አይገባም፤ በጉልበት የሚገፋ ሰው መሰኪያውን ይሰብራል። ይህን አውቄ ነው የሄድኩት። የማላውቀው ሌላ ነበር። አንድ ሱቅ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 በርካሽ አገኘሁና ደስ እያለኝ ገዛሁ። ስሰካው ስክሪኑ ጨለማ፣ ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ። ለካ የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር ለሚሰካበት ማዘርቦርድ (ዋና ሰሌዳ) ብቻ የተሠራ ዓይነት ኖሯል፤ የእህቴ ደግሞ የተፎካካሪው የኢንቴል ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከባለሱቁ ራስ በላይ ተለጥፏል። እንግዲህ ዋጋው ከጎረቤት ሱቅ በጣም ሲወርድ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከአገልጋይ ኮምፒውተር (ሰርቨር) የተነቀለ ራምም እንዲሁ ርካሽ ነው፤ በተራ ዴስክቶፕ ላይ ግን አብዛኛው አይነሣም።

በማግስቱ ከአሮጌ ማሽን የተነቀሉ ሁለት ባለ 4 ጊጋ አገኘሁ፤ እግራቸውን በላጲስ ጠርጌ በ2 ጊጋዋ ምትክ ጥንድ አድርጌ ሰካኋቸው። ተነሣ። ዊንዶውሱ ግን «8 ጊጋ አለ፣ የምጠቀመው ከ3 ትንሽ ከፍ ያለውን ነው» አለኝ። የተጫነው ባለ 32 ቢት የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ አድራሻ መቁጠር አይችልም፣ ከዚያም ላይ ለሌሎች ዕቃዎች ይቆርሳል። ወደ 64 ቢት ለመቀየር ምን ያስፈልጋል? ፎርማት። ያ ሁሉ ፎርማት ሲደረግ አንድ ቀን እንኳ ያስፈለገው ያኔ ነበር፤ ባለሙያው ግን በየሦስት ወሩ ያንኑ 32 ቢት ሲመልስ ኖሯል።

የእህቴን ጉዳይ ያነሣሁት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የትምህርት ቤቶችን ንብረት ክፍል ስላየሁ ነው። «አርጅቷል» የተባለ ዴስክቶፕ እንደ ማገዶ ተደርድሯል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100ን አልፏል፤ አዲስ ኮምፒውተር የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ከሦስት ከተጣሉ ሳጥኖች ራም ነቅሎ አንድ ደህና ማሽን ማቆም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግን ማን ይክፈተው? በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ቅጽ) የወጣው «ኮምፒውተር፣ 1» ተብሎ ነው፤ ራሙ በስሙ አይታወቅም። ሽፋን የከፈተ ሠራተኛ ሌባ ይመስላል። ጥርጣሬው ደግሞ መሠረት አለው፤ ለጥገና 4 ጊጋ ሆኖ ሄዶ 2 ሆኖ የተመለሰ ማሽን ስንቱ ቤት አለ! መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል፦ የራሙ መጠንና የመሰኪያው ቁጥር ንብረት ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ወደ ጥገና ሲሄድና ሲመለስም ይታይ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፣ 11 ደግሞ እንዲህ ያለ አሮጌ ፕሮሰሰር አይቀበልም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ራም ቢጨመር ይህ አይለወጥም። የደመወዝ መዝገብ ይዞ ኢንተርኔት ላይ የሚውል ማሽን ይቀየር፣ አልከራከርም። ደብዳቤ ለሚጻፍበትና ተማሪ ለሚለማመድበት ግን በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ነጻ ሥርዓት ተጭኖበት 8 ጊጋ ከተሰጠው በወጉ ያገለግላል። ከ8 በኋላ ግን ወደ 16 ለመድረስ አትቸኩሉ፤ የሚቀጥለው ብር ለኤስኤስዲ፣ ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ይሁን።

እህቴ ባለሙያውን ከጠራችው ስድስት ወር አልፏል። አሁን ሰልፉን የሚያስረዝመው ፕሪንተሩ ነው፤ እሱን ገና አልከፈትኩትም።